ስለ ፊልም መከራከር ይቅርባችሁ ላሉን የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየስልኩ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፒያሳና አራት ኪሎ ካፌዎች ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጦፈውን «የምንጊዜም ምርጥ ፊልም የቱ ነው?» የሚል ሙግት አንስቶ፣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው ብሎ ይደመድማል። የደረደራቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ጣዕም አያከራክርም፤ ምርጡ ፊልም በኢንተርኔት ድምፅ ተለይቶ አልቋል፤ በጓደኛሞች መሀል የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ነው፣ ትርፉም መቀያየም ነው፤ የአማርኛ ፊልም ከውጭው ጋር አንድ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ሦስት ሰዓት ፊልም ላይ ከመቀመጥ የአሥር ደቂቃ ማጠቃለያ ይበቃል። መውጫው ላይም «ደግሞስ ማን ቤት፣ በስንት ሰዓት?» የሚል ጥያቄ ጣል አድርጓል።

ጽሑፉ ያስቃል፤ አጻጻፉም ሸጋ ነው። ታዝቦ ያነሳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ እውነት ናቸው። ግን ሁሉም በቀላሉ የሚጠገኑ ሆነው ሳለ ክርክሩን ራሱን አሽቀንጥሮ ጣለው። በራሱ ቅደም ተከተል እንመልስለት።

ጣዕም አያከራክርም ስለመባሉ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ጓደኛሞችን በምሳሌነት ያቀርባል። አንዱ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ» ወደር የለውም ይላል፤ ሌላው ተራ የማፍያ ፊልም ነው ይላል። እንግዲህ ጣዕም ነው፣ አለቀ፣ ደቀቀ።

አላለቀም። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ አውሮፓ ውስጥ የታየው 229 ደቂቃ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አከፋፋዩ ቆራርጦ 139 ደቂቃ አደረገው። በዚህም ሳያበቃ፣ በትዝታ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ የሚተረከውን ታሪክ በዘመን ቅደም ተከተል አሰለፈው። በሁለቱ መሀል ልክ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት አለ። «ተራ ነው» ያለው ሰው የትኛውን ነበር ያየው? ጸሐፊው ይህን አልጠየቀም። ሁለቱ ሰዎች ስማቸው አንድ በሆነ ሁለት ፊልሞች ላይ እየተሟገቱ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሙግት አንድ ጥያቄ ይዘጋዋል።

የሕንድ ፊልም ወዳጅ በሞላበት ከተማችን «ሾሌይም» የሚያጣላው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሲኒማ ቤት የገባው ቅጂ ላይ፣ እጆቹን የተቆረጠው ታኩር ወንበዴውን ጋባርን ሊገድል ሲል ፖሊስ ደርሶ ያስቆመዋል። ቀድሞ የተቀረጸው መጨረሻ ላይ ግን ይገድለዋል፤ ያኛው የተቀየረው በሳንሱር ነው። ኋላ ላይ ሁለቱም ቅጂዎች ወጡ። በቀልን እስከ ጥግ የወሰደ ፊልም ነው የሚለውና ለሕግ እጅ የሰጠ ፊልም ነው የሚለው ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

የምስሉ ስፋትም አለ። ብዙ ሰው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊን» የሚያውቀው በአሮጌው ባለ አራት ማዕዘን ቴሌቪዥን ነው። ፊልሙ ሲሠራ የምስሉ ወርድ የቁመቱ 2.35 እጥፍ ነበር፤ የአሮጌው ቴሌቪዥን 1.33 ነው። ማያውን እንዲሞላ ተደርጎ ከተቆረጠ 43 በመቶ የሚሆነው ምስል ይጣላል። መቃብሩ መሀል ሦስቱ ሰዎች ተራርቀው ተፋጠው የሚቆሙበትን መጨረሻ አስቡት። ውጥረቱ ያለው በመካከላቸው ባለው ባዶ መሬት ላይ ነው። ምስሉ ሲቆረጥ ወይ አንዱ ሰውዬ ከማያው ውጭ ይቀራል፣ ወይ ቀራጩ ያላሰበው ጉተታ ምስሉን ከዳር ዳር ይጎትተዋል። በዚያ ቅጂ አይቶ «ምኑ ነው የሚደነቀው?» የሚል ሰው አይፈረድበትም።

ከዚያ የፋይሉ ጉዳይ ይመጣል። ፍላሽ ይዞ ፊልም የሚያስገለብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ትንሹ ፋይል ነው፤ ምክንያቱም ተራ ነው። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው እምቢ ይላል። ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አሠራር ማዘጋጀት ይፈታዋል፤ አንዳንድ የቆየ ቴሌቪዥን ግን ኤክስፋት አያነብም፣ ስለዚህ ቀድሞ መሞከር ነው። የ140 ደቂቃ ፊልም ወደ 700 ሜጋባይት ሲጨመቅ ድምፁንም ጨምሮ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 0.67 ሜጋቢት ገደማ ነው። ቀን የተቀረጸውና ፊት ለፊት የሚወራበት ትዕይንት ይታለፋል። ሻማ የበራበት ክፍል፣ ጭስ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ጥቁሩ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል። የጨለማ ቀረጻው የተመሰገነለትን ፊልም በዚህ ፋይል አይቶ መዳኘት አይቻልም።

የደቂቃ ልዩነት ሁሉ ግን መቆረጥ አይደለም። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ቅጂ 25 ያሳያል። ያው ፊልም አራት በመቶ ፈጥኖ ያልቃል፤ 140 ደቂቃው 134 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይሆናል። ስድስት ደቂቃ ጎደለ ብሎ ከመጮህ በፊት ይህን ማስላት ነው። ሰብታይትሉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚያፈነግጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊልሙ በአንዱ ፍጥነት፣ ጽሑፉ በሌላው ሲሆን በየ25 ደቂቃው አንድ ደቂቃ ያህል ይራራቃሉ። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ጂ እና ኤች ቁልፎችን እየተጫኑ ማስጠጋት ለጊዜው ነው፤ መፍትሔው ለዚያው ፍጥነት የተዘጋጀ ሰብታይትል መፈለግ ነው።

እንግዲህ ከክርክር በፊት የሚጠየቁት ሦስት ናቸው። ያየኸው ስንት ደቂቃ ነበር? ምስሉ ሰፊ ነበር ወይስ የተቆረጠ? በምን ላይ አየኸው፣ በስልክ ወይስ በትልቅ ማያ? ይህ ተጣርቶ የሚተርፈው ልዩነት ጣዕም ይባል። ይተርፋል፣ አዎ፤ ዘፈን የበዛበት ፊልም ጭራሽ የማይወድ ሰው አለ፣ ማንም አያሳምነውም፣ ይተው።

ምርጡ ተለይቶ አልቋል ስለመባሉ

ጸሐፊው ተመልካቾች ለፊልም ነጥብ የሚሰጡበት አይኤምዲቢ የተባለው ድረ ገጽ ባወጣው የምርጥ 250 ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ የሆነውን «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» ጠቅሶ ሚሊዮኖች የፈረዱትን እናንተ ስምንት ሆናችሁ ምን ትጨምራላችሁ ይላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ይቀድማል።

ያ ዝርዝር ተራ አማካይ አይደለም። ጥቂት ሰው ብቻ ያየው ፊልም በጥቂት አሥሮች እንዳይወጣ፣ ለእያንዳንዱ ፊልም የጠቅላላውን አማካይ የሚሰጡ ምናባዊ መራጮች ይታከሉበታል። ብዙ እውነተኛ መራጭ ያለው ፊልም እነዚህን ይውጣቸዋል፤ ጥቂት ያለው ወደ መሀል ይጎተታል። ለመግባት ቢያንስ 25,000 ድምፅ ያስፈልጋል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ያን ያህል ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ መቶኛም ሁለት መቶ ሃምሳኛም አይወጣም። አልተሸነፈም፤ ውድድሩ ውስጥ አልገባም። ከሁሉ በላይ እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በአብዛኛው ኢንተርኔት እንደልቡ ያለው፣ ፊልሞችን በእንግሊዝኛ የሚያይ ሰው ነው።

የሃያሲዎቹም ዝርዝር ቢሆን የጸና አይደለም። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሃያሲዎችን ይጠይቃል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ያሸነፈው የጣሊያኑ «ባይሲክል ቲቭስ» ነበር፤ ገና አራት ዓመቱ ነበር። «ሲቲዝን ኬን» በዚያ ዓመት ከአሥሩ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ከዚያ ከ1962 እስከ 2002 አምስት ጊዜ ተከታትሎ አንደኛ ወጣ። በ2012 «ቨርቲጎ» አወረደው። በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን»፣ አንዲት እናት ድንች ስትልጥና አልጋ ስታነጥፍ 201 ደቂቃ የሚያሳየው ፊልም፣ ሁሉንም በልጦ ቁጭ አለ። ፊልሞቹ አልተለወጡም። መራጮቹ ግን በ2012 ከነበሩት 846 ወደ 1,639 አደጉ፣ ከየአገሩም ተውጣጡ። በዚያው ዓመት ዳይሬክተሮቹ ለብቻቸው ሲጠየቁ የመረጡት «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲን» ነው። አንድ መጽሔት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት አሸናፊ።

ስለዚህ «ተለይቶ አልቋል» የሚለው ነገር የለም። መራጩ ሲቀየር ዝርዝሩ ይቀየራል፤ አራት ኪሎ የተቀመጡ ስምንት ሰዎችም አንድ የመራጭ ስብስብ ናቸው። ዝርዝራቸው ዓለምን ባይወክል እነሱን ይወክላል።

ድምፁ የጎላው ያሸንፋል፣ ትርፉም መቀያየም ነው ስለመባሉ

ይህኛው ጥሩ ነጥብ ነው፤ ሰፊ መልስም ይገባዋል። ጸሐፊው በትክክል ታዝቧል፦ አንድ ትልቅ ሰው «ይሄማ ምን ጥያቄ አለው» ሲል ገበታው ጸጥ ይላል። ግን ይህ የፊልም ክርክር ጠባይ አይደለም፤ የኛው የአቀማመጥ ሥርዓት ነው። ታላቅ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ታናሽ ይሉኝታ ይይዘዋል። የማኪያቶውን ሒሳብ የሚከፍለው ሰው የወደደውን ፊልም ማጣጣልም ያስቸግራል፤ ሆድ ሲያውቅ ነው ዝም የሚባለው። (በነገራችን ላይ ቶሞካ ቆሞ ቡና ለመጠጣት ግሩም ነው፤ ለሁለት ሰዓት ሙግት ግን ወንበር ያለበት ቤት ፈልጉ።)

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ከሁሉ ታናሹ ይጀምራል፣ ፊልም ያውቃል የሚባለው ወይም በዕድሜ የላቀው ሰው መጨረሻ ይናገራል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ በስልክ ተቆጥሮ። ስምንት ሰው ከሆነ 24 ደቂቃ ነው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ልቅ ክርክር፤ እዚህ ላይ አንድ ደንብ ብቻ ይበቃል፦ ፊልምን የሚተች ሰው የሚተችበትን ትዕይንት ይጥራ። «አሰልቺ ነው» አይቆጠርም። «ሠርጉ ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ምንም አልጨመረም» ይቆጠራል። ሰዎቹ የሚቀያየሙት አስተያየቱ ከፊልሙ ወደ ሰውየው ሲዞር ነው፤ ትዕይንት ጥራ ሲባል ግን ዓይን ወደ ማያው ይመለሳል። ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ፣ አንድ ሰው ሰብስቦ ነው። እጅ ማውጣት ከይሉኝታ አያስጥልም።

ቀጥሎ ቆጠራው። ብዙ ቡድን የሚጠቀመው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ አሥር ፊልም ይዘረዝራል፣ አንደኛው 10 ነጥብ፣ ሁለተኛው 9፣ እያለ አሥረኛው 1። ቀላል ነው፤ ግን ያዳላል። ስምንቱም ያዩትን አንድ ፊልም ሁሉም ስድስተኛ ቢያደርጉት አምስት አምስት ነጥብ፣ በድምሩ 40 ያገኛል። ሦስት ሰዎች ብቻ ያዩትና ሦስቱም አንደኛ ያሉት ፊልም 30 ላይ ይቀራል። የማንም አንደኛ ያልሆነው፣ ሁሉም ያየው ፊልም ያሸንፋል። «ሁሌ ያው ፊልም ነው የሚወጣው» የሚለው የጸሐፊው ምሬት ምንጩ እዚህ ነው። ፊልሙ ላይ አይፈረድ፤ አቆጣጠሩ ነው።

ተራ አማካይ ብንወስድ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አንድ ሰው ብቻ አይቶ አሥር የሰጠው ይነግሣል። እዚህ ላይ የአይኤምዲቢን ዘዴ ወደ ጠረጴዛችን ማውረድ ይቻላል። ለሁሉም ፊልም ሦስት ምናባዊ መራጮች ጨምሩ፤ እያንዳንዳቸው የቡድኑን ጠቅላላ አማካይ፣ እንበል 6.5፣ ይስጡ። አንደኛውን ፊልም ሰባት ሰዎች አይተው አማካዩ 8 ከሆነ፣ 7 ጊዜ 8 ሲደመር 3 ጊዜ 6.5፣ ለ10 ሲካፈል 7.55 ነው። ሁለተኛውን ሁለት ሰዎች ብቻ አይተው አማካዩ 9 ከሆነ፣ 18 ሲደመር 19.5፣ ለ5 ሲካፈል 7.50። በጥቂቱ ተሸነፈ። አሁን የሁለተኛው ፊልም ደጋፊዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ፦ አንድ ሰው ማሳየት። ሦስተኛ ሰው አይቶ 9 ቢሰጥ 7.75 ይሆንና ይቀድማል። መጮህ ምንም አይፈይድም፤ ፊልሙን በፍላሽ ይዞ ጓደኛ ቤት መሄድ ግን ውጤት ይለውጣል። ሰውየው አይቶ 5 ቢሰጥስ? ወደ 7.08 ይወርዳል። ይህም ፍርድ ነው።

ጥሎ ማለፍ የሚወዱም አሉ፤ ለአሥራ ስድስት ፊልም አሥራ አምስት ግጥሚያ። ያስቃል፣ ያሟሙቃል፤ ግን ሁለቱ ጠንካሮች መጀመሪያ ዙር ላይ ከተገናኙ አንዱ በዕጣ ሞተ ማለት ነው። ለጨዋታ ይሁን፣ ለመዝገብ አይሁን። ሁሉንም ከሁሉም ማጋጠም ፍትሐዊ ነው፤ ግን ለአሥር ፊልም 45 ግጥሚያ ይጠይቃል፤ ስድስት ላይ ቢወሰን 15 ነው፣ ይቻላል።

አንድ ሌላ ነገር። «ደግሜ ደጋግሜ አየዋለሁ» የሚባለውንና «ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን አንዴ ይበቃኛል» የሚባለውን ሁለት ዓምድ ላይ መጻፍ ግማሹን ጠብ ያስቀራል። አንዱ ስለ ትልቅ ሥራ ሲያወራ ሌላው ልቡ ስለሚወደው ያወራል፤ ሲደማመጡ የማይገናኙት ለዚህ ነው።

የአማርኛ ፊልም አንድ መዝገብ ላይ አይሰፍርም ስለመባሉ

ጸሐፊው ምክንያት ያደረገው ገንዘብ ነው፤ በጀታቸው አይወዳደርም ይላል። በበጀት ከሆነ ሃያሲዎቹ በ1952 አንደኛ ያሉት «ባይሲክል ቲቭስም» ባልገባ ነበር፤ ዋናው ተዋናይ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ የተቀረጸውም የሮም ጎዳና ላይ ነው።

ጤዛ በ2008 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወሰደ፤ በ2009 ፌስፓኮ ከተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ የተባለውን ሽልማት አገኘ። የዘረሠናይ ብርሃኔ «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት አሸነፈ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ «አን ሰርተን ሪጋርድ» በተባለው ክፍል ተመርጦ ታየ። ሽልማት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ «ከውጭው ጋር አይሰለፍም» ለሚል ሰው ግን ውጭዎቹ ራሳቸው አሰልፈውታል ማለት ይበቃል።

ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ የቆዩትን ማን አይቷቸዋል? «ሂሩት አባቷ ማነው» በእኛ አቆጣጠር 1957 ዓ.ም. በ35 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ሙሉ ርዝመት ፊልም ነው። ስሙን የማያውቅ የለም፤ አይቶት የሚከራከር ግን ጥቂት ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 150 ደቂቃ፣ እንዲሁ ጥቁርና ነጭ፣ ስለ ጭሰኛና ባለመሬት ነው። ይህንን ያላየ ሰው ስለ ምንጊዜም ምርጥ ፊልም ሲፈርድ መዝገቡ ከመጀመሪያውም ጎዶሎ ነው።

ባየንባቸው ቅጂዎችም እንጠንቀቅ። የ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ፊልሞቻችንን ብዙ ሰው ያያቸው በቪሲዲ ነው። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ከሙሉ ኤችዲ ጋር ሲነጻጸር ከሃያ አንዱ ክፍል ነው። አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ገደማ ስለሚይዝ ሁለት ሰዓት ፊልም መሀሉ ላይ ተቆርጦ ሁለት ሲዲ ይሆናል፤ ልብ የሚሰቀልበት ትዕይንት ላይ ዲስክ ቀይሩ ይመጣል። ያ የፊልሙ ጥፋት አይደለም።

የፊልሙ ጥፋት የሆነም አለ፣ እሱን እንጥራው፤ አድልዎ ደግሞ ክርክሩን ያዋርደዋል። የብዙዎቹ ትልቁ ጉድለት ድምፅ ነው። ቪላ ሳሎን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ማይኩ ካሜራው ላይ ተተክሎ ከተዋናዩ ሦስት ሜትር ርቆ ይቀረጻል፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመጣል። ማይኩን ማቅረብና ከካሜራው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ብዙ ለውጥ ያመጣ ነበር። ሁለተኛው የስልክ ንግግር ነው። ተዋናይቱ ስልክ ታነሳለች፦ «ምን? ዛሬ ይመጣል? ከአሜሪካ? ከነሚስቱ?» ተመልካቹ እንዳያመልጠው የሰማችውን ሁሉ ትደግማለች። ፊቷ ይነግረን ነበር፤ ደራሲው ግን አላመናትም። እንዲህ ያለውን ፊልም ዝርዝር ውስጥ በዘመድ ማስገባት አያስፈልግም። ላይ የተጠቀሱት በራሳቸው ይገባሉ።

አሥር ደቂቃ ማጠቃለያ ይበቃል ስለመባሉ

ለዚህ አንድ ትዕይንት ይበቃል። «ባይሲክል ቲቭስ» ውስጥ ብስክሌቱ የተሰረቀበት አባትና ልጁ ብሩኖ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ምግብ ቤት ይገባሉ። ማጠቃለያው ይህን «ተስፋ ቆርጠው ምግብ በሉ» ብሎ ያልፈዋል፣ ወይም ጭራሽ ይዘለዋል፤ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለማ። አሁን ትዕይንቱን እዩት። ብሩኖ አይብ ያለበት የተጠበሰ ዳቦ ይዟል፤ ሲነክሰው አይቡ ክር ሆኖ ይለጠጣል። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ተቀምጧል፤ ብሩኖ ዘወር እያለ ያየዋል፤ ያኛውም ዘወር ብሎ ያየዋል። የያዘው ምግብ እያለ ዓይኑ የሰው ሳህን ላይ ነው። አባትየው ደስ ያለው ለመምሰል ይሞክርና ወዲያው የጠፋውን ደመወዝ ማስላት ይጀምራል፤ ሒሳቡ ገበታው ላይ ይመጣል። ማንም ተነስቶ «ድሆች ነን» አላለም። አባትየው በኋላ የሚያደርገው ነገር የሚያመን ይህቺን ምሳ ስላየን ነው።

ጤዛንም በማጠቃለያ ማየት እንደዚሁ ነው። ፊልሙ ከጀርመን የተመለሰው ምሁር በጣና ዳር መንደሩ ሆኖ፣ ጀርመንንና የደርጉን አዲስ አበባ በብጥስጣሽ ትዝታ የሚያመጣበት ነው። ማጠቃለያ ሠሪው የመጀመሪያ ሥራው ይህን በዓመት መደርደር ነው፤ አሜሪካዊው አከፋፋይ ያንን የ229 ደቂቃ ፊልም ያደረገውን ማለት ነው።

መጨረሻውን ስለመናገር ጸሐፊው በአንድ መስመር አንስቷል፤ በአንድ መስመር እንመልስ፦ ፊልሙን ያላየ ሰው ገበታው ላይ ካለ የመጀመሪያው ዙር ላይ መጨረሻው አይነሳ፣ ልቁ ክርክር ላይ ያላየው ሰው ይወስን፣ ወይ ይሰማል ወይ ቡናውን ይዞ በረንዳ ይወጣል።

ማን ቤት፣ በስንት ሰዓት ስለሚለው

ጥያቄው ፌዝ ነበር፤ መልሱ ግን አለ። ቤቱ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ከሆነ ማያው ወርዱ 95 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከሦስት ሜትር በላይ የተቀመጠ ሰው ሰብታይትል ማንበብ ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ስምንት ሰው ሶፋውን ትቶ ምንጣፍ ላይ መጠጋት አለበት። ፕሮጀክተር ያለው ሰው ነጭ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር ወርድ ቢያወጣ ቁመቱ ሜትር ከ12 ይሆናል፤ ይህ በቂ ነው። ነገር ግን ፕሮጀክተር የፀሐይ ብርሃን አይችልም። ከተማችን ላይ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ ያኔ ተጀምሮ ተከራክሮ እስኪያበቃ ታክሲ ይሳሳል። እንግዲህ ወይ መስኮቱ ላይ ሁለት ድርብ ብርድ ልብስ፣ ወይ ቴሌቪዥን።

ድምፁም ይታሰብበት። ፋይሉ ባለ ስድስት ቻናል ሆኖ ላፕቶፑ በሁለት ስፒከር ሲያጫውተው፣ ንግግሩ የተቀመጠበት የመሀል ቻናል አንዳንዴ ይደበዝዛል፤ ፍንዳታው ቤቱን ያናውጣል፣ ሰዎቹ ያንሾካሹካሉ። ቪኤልሲ ውስጥ ድምፁን ወደ ስቴሪዮ መቀየር፣ ወይም ባለ ሁለት ቻናል ቅጂ መፈለግ ነው። አማርኛ ሰብታይትል ራሳችሁ ከጻፋችሁ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ አስቀምጡ፣ ስሙ ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ ይሁን፤ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ቅርጸ ፊደሉን ወደ ኤብሪማ፣ ናይላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሩት። ይህ ሁሉ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ ከመሀሉም አሥር ደቂቃ ተጫውቶ ይፈተሽ፤ መጀመሪያው ደህና ሆኖ መሀሉ የሚበላሽ ፋይል ብዙ ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። ለ140 ደቂቃ ፊልም ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ተጀምሮ 12:20 ያልቃል። አሥር ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ክርክርና ድምፅ መስጠት፣ 1:30 ላይ ሁሉም በር ላይ ነው። ለ229 ደቂቃው 8 ሰዓት ላይ መጀመር ግድ ነው፤ መሀል ላይ ሩብ ሰዓት ታርፎ 12:04 ያልቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተባብሎ 11 ሰዓት የሚመጣ ጓደኛ አይጠፋም፤ እሱን መጠበቅ የለም፣ ያመለጠውን ፊልም በዚያ ቀን አይዳኝም፣ ድምፁም አይቆጠርም። መብራት ከጠፋና በሩብ ሰዓት ካልመጣ፣ የቆመበት ደቂቃ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ያየነው እስከ ምን ድረስ ነው የሚል ሌላ ክርክር በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳይነሳ።